ፖሊስ ጣቢያ የገባ ቴአትር

ሥራህ ምንድን ነው የሚለኝን ሰው እፈራለሁ። ሐኪም "ሐኪም ነኝ" ብሎ ይገላገላል። ሹፌርም እንደዚያው። እኔ ግን "በወረዳ ደረጃ የባህልና ኪነ ጥበብ ዕቅድ ባለሙያ ነኝ" ስል ጠያቂው ፊቴን ያያል፣ ጫማዬን ያያል፣ ከዚያ በሐዘኔታ "እሺ፣ ግን ቀን ቀን ምን ትሠራለህ?" ይለኛል። የባለቤቴ እናት ለጎረቤት ሲናገሩ "የመንግሥት ሥራ ነው" ብለው በአጭሩ ያልፉታል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለሚሉት ደኅንነት የምሠራ የሚመስላቸው ጎረቤቶች አሉ። ሠፈር ውስጥ ከሚገባኝ በላይ እከበራለሁ። ምን ላድርግ? ዝም ብዬ እከበራለሁ።

የተማርኩት ቴአትር ነው። ስመረቅ በየሠፈሩ መድረክ የማቆም መስሎኝ ነበር። የቆመልኝ ጠረጴዛ ነው፤ እሱም አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ በደንብ አልቆመም። ወረዳችን ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ሲወጣ፣ ኮንዶሚኒየሙ የጤፍ ማሳውን በልቶ ባልጨረሰበት አካባቢ ነው። ስሙን አልነግራችሁም። ጡረታ ለመውጣት ገና ብዙ ይቀረኛል።

በዚህ ሙያ ለኃላፊነት የሚበቃው እንዴት ነው የምትሉ ወጣቶች ካላችሁ ጆሮ ስጡኝ። ዋናው ነገር ኪነ ጥበብን አለመንካት ነው። ኪነ ጥበብ የሚያውቅ ሰው ሐሳብ ይኖረዋላ! ሐሳብ ያለው ሰው ደግሞ ስብሰባ ያስረዝማል። የመጀመሪያው ኃላፊያችን የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ የውዝዋዜ ቡድኑን ሲጎበኙ የተወዛዋዦቹን አቋም ከፊትም ከኋላም አይተው "ጤነኛ ናቸው" ብለው ፈረሙ። ሁለተኛው ከውኃና ፍሳሽ መጡ። የግጥም ምሽት እናዘጋጅ ስላቸው "መስመሩ የት የት ያልፋል?" አሉኝ። ሦስተኛው አቶ ደምሰው ናቸው። እሳቸው የመጡት ከጽዳትና ውበት ነው። ታሪኩም የሚጀምረው ከእሳቸው ነው።

አቶ ደምሰው ሥራ ወዳድ ነበሩ። እውነቴን ነው፣ ለፌዝ አይደለም። ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ይገባሉ። እንደተሾሙ የቀድሞውን የቀበሌ አዳራሽ ሊያዩ ሄድን። ያ አዳራሽ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ ተልጧል፣ ግድግዳው ላይ የስንቱ ዘመን መፈክር ተደራርቦ ተለጥፏል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይሞላዋል። እዚያ እትዬ ከፀላ የሚመሩት የአማተር ቴአትር ቡድን ይለማመዳል።

እትዬ ከፀላ ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። ድምፃቸው ያለ ማይክ ላምበረት ይሰማል። ከኮንዶሚኒየሙም፣ ከነባሩ የገበሬ መንደርም ወጣቶችን ሰብስበው ዓመቱን ሙሉ ያስለፏቸዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ተስፋቸው ሐዊ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ዛሬ ሕንፃ የቆመበትን መሬት ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አሁን የአጥር ድንጋይ እየጠረቡ ይኖራሉ። ሐዊ መድረክ ላይ ስትወጣ አዳራሹ ውስጥ የሚያስነጥስ ሰው እንኳ አይገኝም። አንድ ችግር ብቻ ነበረባት። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ አካውንቲንግ የምትማር ነው የሚመስላቸው።

አቶ ደምሰው ልምምዱን ቆመው አዩ። መሐረብ አውጥተው አፍንጫቸውን ያዙ። "አቧራ" አሉ። ስለ ቴአትሩ የሰጡት አስተያየት ይኼው ነው።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ጣሪያው ተቀየረ። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ለበሰ። ቀይ መጋረጃ ተሰቀለ። ወንበሮቹ ከነላስቲካቸው ተደረደሩ። በሩ ላይ "ሞዴል የባህል ማዕከል" ተጻፈ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ። በጣም ያምራል! እኔ ራሴ በዕቅዴ ላይ የለመንኩት ነገር ስለሆነ ደስታዬን አልቻልኩትም። በማግስቱ ቅዳሜ እነ እትዬ ከፀላ ልምምድ ብለው መጡ። በሩ ላይ የእጄን መዳፍ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ሮጬ አቶ ደምሰው ጋ ገባሁ። ልጆቹ ውጪ ቆመዋል አልኳቸው።

"እነሱ እኮ ይዘላሉ" አሉኝ። "ሴራሚኩ ዝላይ ይችላል?"

"አዳራሹ የተሠራው ለባህል አይደለም እንዴ?"

"ታዲያስ! ለባህል ነው።"

"እነሱስ ምንድን ናቸው?"

"እነሱ ተጠቃሚ ናቸው" አሉ አቶ ደምሰው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብለው። "ባህሉ አዳራሹ ነው።"

ወጣሁና ለእትዬ ከፀላ "ለጊዜው ነው" አልኳቸው። በኛ ቢሮ ቋንቋ "ለጊዜው" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። አንገታቸውን ነቅንቀው ልጆቹን አስከትለው ሄዱ።

መጀመሪያ የተሰደዱት ወደ ላምበረት መናኸሪያ ጠርዝ ነው። እዚያ ሰፊ ሜዳ አለ። ግን የመኪና ረዳቶችን የሚያሸንፍ ተዋናይ ገና አልተወለደም። ሐዊ ተንበርክካ፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ "ከዚህ መከራ ማን ያወጣኛል?" ስትል አንዱ ረዳት ከኋላዋ "ደብረ ብርሃን! የሞላ፣ የሞላ!" ብሎ ይመልስላታል። ለቅሶው ሳቅ ሆነ። አንድ ቀን እንዲያውም አንዱ ተሳፋሪ አዝኖላት ሻንጣዋን ሊይዝላት መጣ።

ከዚያ ወደ ሾላ ገበያ ዳር ሞከሩ። እዚያ ደግሞ የተሰበሰበውን ሰው ያየ ሁሉ የሚሸጥ ነገር ያለ እየመሰለው ይጋፋል። ሽንኩርት መስሏቸው ተሰልፈው ቴአትር መሆኑን ሲያውቁ የሚሳደቡ እናቶች ነበሩ። እፈርድባቸዋለሁ እንዴ? አልፈርድባቸውም።

በመጨረሻ አንዱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ጸጥ ያለ ቦታ አገኙ። ችግሩ ቴአትሩ ጸጥ ያለ አለመሆኑ ነው። ታሪኩ ሚስቱን ቤት ዘግቶባት ስለሚደበድብ ሰው ነው። ባልየውን የሚሠራው ማስረሻ ነው። ማስረሻ የሞባይል ሽፋን የሚሸጥ፣ ደንበኛ ሲያናግር እንኳ የሚያፍር ልጅ ነው። እትዬ ከፀላ ግን "ዱላውን አንሳ! ዓይንህን አፍጥ!" እያሉ አውሬ አስመስለውታል።

ሐዊ ጮኸች። "የሰው ያለህ! ኧረ ገደለኝ!"

ሐዊ ስትጫወት ምን እንደምትሆን ነግሬያችኋለሁ። ከየፎቁ ሰው እንደ ጎርፍ ወረደ። አንዷ ዘነዘና ይዛለች። አንዱ በፎጣ፣ ሳሙናውን ሳይለቃለቅ መጥቷል። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው ግን በውጪ በኩል የሚያልፍ ሽማግሌ ነበር። ያ ሽማግሌ አላየ፣ አልጠየቀ፤ ዱላውን አንስቶ የማስረሻን ትከሻ አቀመሰው። ሁለተኛውን ሊደግም ሲል ልጅቷ ዘላ መሀል ገባች።

"አባ! ተው! ጨዋታ ነው!"

ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። በድምፅዋ ነው የመጡት። ዱላው አየር ላይ ቀረ።

ፖሊስ ሲመጣ አንዱ ተመቶ ያለቅሳል፣ አንዷ ፊቷ በቀይ ቀለም ደም መስሏል፣ አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዞ ቆሟል፣ አንዲት አሮጊት ደግሞ "ሁለተኛው ገቢር ገና ነው!" ብለው ይጮኻሉ። እናንተ ፖሊስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሁሉንም አፍሰው ወሰዷቸው።

ስልኬ ጠራ። እትዬ ከፀላ ናቸው። "ልጄ፣ ታስረን መሰለኝ" አሉኝ፣ የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው። "ከተቻለህ ቶሎ ና። ያሳሰበኝ የኔ አይደለም፣ የዚህች ልጅ ነገር ነው። አባቷ አንድ ቃል አልተናገራትም።"

በመንገድ ላይ ለአቶ ደምሰው ደወልኩላቸው። ቡድኑ በኛ ቢሮ የተመዘገበ ስለሆነ መጥተው አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃል ብዬ ነው።

"አዳራሹ ውስጥ ነው የተጣሉት?" አሉኝ በድንጋጤ።

"አይ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ ነው።"

ተነፈሱ። "ተመስገን! እንግዲያው እኛን አይመለከትም" ብለው ዘጉት።

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ፈለቀ ይባላሉ። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ የተቀመጡ ሳይሆን ወንበሩን ያሰሩት ነው የሚመስሉት። ቴአትር ነው ብዬ አስረዳሁ። ባለሙያ ነኝ አልኳቸው፤ ሥራዬ ምን እንደሆነም ነገርኳቸው። እሳቸውም ፊቴን አዩ፣ ጫማዬን አዩ።

"ቴአትር መሆኑን በምን አውቃለሁ?" አሉ። "ሚስቱን ደብድቦ የመጣው ሁሉ ቀልድ ነው የሚለኝ። ቴአትር ከሆነ ሥሩትና ልየው።"

"እዚህ?"

"እዚሁ ግቢ። አሁን።"

እትዬ ከፀላ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። የሐዊን አገጭ በእጃቸው ይዘው ቀና አደረጉትና "አባትሽን አትይ። አዛዡንም አትይ። ያቺን ሴትዮ ብቻ ሁኚ" አሏት። ልጅቷ ወደ ግቢው መሀል ወጣች። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። የተማርኩት ትምህርት፣ ያወጣሁት ዕቅድ፣ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ሁሉ ለዚህች ልጅ ቃሏን የምትናገርበት ቦታ ማዘጋጀት አቅቶት፣ ፖሊስ አዘጋጀላት።

ክስ ሊያስመዘግቡ የመጡ ሰዎች አግዳሚ ወንበራቸውን አዙረው ተቀመጡ። ፖሊሶቹ ግድግዳውን ተደገፉ። በእስረኞቹ መስኮት ፊት በፊት ላይ ተደራረበ። ኦቦ ቶሎሳ ፊት ለፊት ናቸው። ዱላቸው ኤግዚቢት ሆኖ ስለተያዘ እጃቸውን የሚያሳርፉበት አጥተዋል።

ተጀመረ። ማስረሻ ትከሻው ስላበጠ ዱላውን በግራ እጁ ያዘ፤ እንዲያውም ይበልጥ አስፈራ። ሐዊ መጀመሪያ ድምፅዋ ተሰበረ። ከዚያ ቀስ እያለ ከሆዷ ወጣ። ያንን ጩኸት ስትጮህ ኦቦ ቶሎሳ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። አንዱ ፖሊስ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። እሱም ራሱ ዓይኑን በክንዱ ይጠርግ ነበር። በሩ እንደተዘጋባት፣ ማንም እንዳልሰማት፣ ለግድግዳው ስትናገር ግቢው ውስጥ የሬዲዮ መገናኛው ብቻ ነው የሚንሾካሾከው። ኮማንደሩ እጃቸውን ዘርግተው እሱንም ዘጉት።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ከእስር ቤቱ መስኮት አንድ ሰው "እኔም እንዲህ ነው ያደረግኳት" አለና አለቀሰ። ጭብጨባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐዊ ፊቷን ሳትጠርግ አባቷ ፊት ሄዳ ቆመች። ኦቦ ቶሎሳ በቀለም የቀላ ፊቷን አዩ።

"አካውንቲንጉስ?" አሉ።

"የለም፣ አባ። ከመጀመሪያውም አልነበረም።"

እኔ ከዚህ በኋላ ልጅቷን መድረክ ላይ አናያትም ብዬ ተስፋ ቆርጫለሁ። ሽማግሌው ዞር አሉ።

"ይኼ ሰውዬ" አሉ ማስረሻን እያሳዩ፣ "በኋላ ይታሰራል?"

"በሁለተኛው ገቢር።"

"እንግዲያው ሁለተኛውን ሳላይ ቤት አልገባም።"

ከዚያ ተነሥተው ማስረሻን ይቅርታ ጠየቁት፤ ያበጠ ትከሻውን ሳሙት። ግን ስመው ሲያበቁም በጎሪጥ ነው ያዩት። ኮማንደር ፈለቀ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሩ ቴአትር መሆኑ በበቂ ተረጋግጧል አሉ። ሁለተኛው ገቢር ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚሁ ይቅረብ፤ ወንጀል መከላከል ነው አሉ።

እንዲህ ሆኖ ፖሊስ ጣቢያው የሠፈሩ ቴአትር ቤት ሆነ። ሰው ለብሶ፣ ተቀባብቶ፣ ልጁን ይዞ ጣቢያ ይሄድ ጀመር። "ቅዳሜ የት ነህ?" "ጣቢያ ነኝ።" ይኼን የሚሰማ እንግዳ ሠፈሩ በሙሉ ወንጀለኛ ይመስለዋል። ኦቦ ቶሎሳ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ናቸው። አጠገባቸው ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ "የኔ ናት" ይላሉ፣ ሳይጠየቁ። ሞዴል የባህል ማዕከላችን ደግሞ በሰላም ተቆልፎ ይወለወላል።

አንድ ቀን ከሌላ ከተማ የልምድ ልውውጥ ቡድን መጣ። አቶ ደምሰው በደስታ አበዱ። እንግዶቹን በር ላይ አስቁመው ጫማቸው ላይ ላስቲክ አስጠለቋቸው። ገቡ። ሴራሚኩን አዩ። መጋረጃውን አዩ። ላስቲኩ ያልተገፈፈውን ወንበር አዩ፤ እንዳይቀመጡበት በትሕትና ተነገራቸው። የቡድኑ መሪ ነቃ ያሉ ወይዘሮ ነበሩ። ዙሪያውን ቃኝተው "በጣም ንጹሕ ነው" አሉ። "ሰዎቹስ የት ናቸው? ከያኒዎቹ?"

አቶ ደምሰው እኔን አዩኝ። እውነቱን ተናገርኩ።

"ፖሊስ ጣቢያ ናቸው።"

ወይዘሮዋ ደነገጡ። "ሁሉም?"

"ሁሉም። ተመልካቹም ጭምር።"

ይኼን ካልኩ በኋላ ይዤያቸው ከመሄድ በቀር ምን አማራጭ ነበረ? ቅዳሜ ስለሆነ ግቢው ጢም ብሏል፤ አጥር ላይ ሁሉ ሰው ተሰቅሏል። እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አቶ ደምሰው በመንገድ ላይ ሲያልባቸው ነበር፤ ሕዝቡን ሲያዩ ግን ላቡ ደረቀ። ቴአትሩ እንዳለቀ መሀል ገብተው፣ ማይክ የለም እንጂ ማይክ የያዙ መስለው፣ "ይህ የምታዩት የቢሮአችን ቅንጅታዊ አሠራር ፍሬ ነው" ብለው ጀመሩ።

እትዬ ከፀላ ወደኔ ዘወር ብለው፣ በሹክሹክታ መሆኑ ነው፣ "እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?" አሉ። የእትዬ ከፀላን ሹክሹክታ አጥር ላይ ያሉትም ሰሙት። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

አቶ ደምሰው ተዋረዱ ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ከፍ ወዳለ ቦታ ተሾሙ። አሁን የሚያስቡት ስለ አንድ አዳራሽ አይደለም፣ ስለ ብዙ አዳራሾች ነው። እግዜር ቁልፍ አምራቾችን ይባርክ።

ወንበራቸው ክፍት ሲሆን ተወዳደርኩ። ከኔ ወዲያ ማን አለ? ቴአትር የተማርኩ እኔ፣ ዕቅዱን የጻፍኩ እኔ። ባለቤቴ ሸሚዜን ተኮሰችልኝ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ባህል ፖሊሲ ስናገር ጠያቂዎቹ በአድናቆት ያፋሽኩ ነበር። ማን ተሾመ መሰላችሁ? ኮማንደር ፈለቀ! በጡረታቸው ዋዜማ ወደ ሲቪል ተዛውረው፣ "ሕዝብን በኪነ ጥበብ የማንቀሳቀስ ተጨባጭ ልምድ" ስላላቸው። የእንስሳት ሐኪም እሺ፣ የውኃ ሰው እሺ፣ ጽዳት እሺ፤ ደግሞ ፖሊስ? ከያኒ በከያኒ ይመራ እያልኩ ለሰማኝም ላልሰማኝም ሰበክኩ።

ኮማንደሩ በገቡ ቀን ስብሰባ አልጠሩም። የአዳራሹ ቁልፍ የት ነው አሉ። ዘበኛው ሴራሚኩ ሊሰበር እንደሚችል ሊያስረዳቸው ሞከረ። "ይሰበራ" አሉት። የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቅልለው ከወንበሮቹ ላይ ላስቲኩን ራሳቸው መግፈፍ ጀመሩ። እኔም፣ ምን አባቴ ላድርግ፣ ኮቴን አውልቄ በሌላው ረድፍ ገፈፍኩ።

እነ እትዬ ከፀላ ተመለሱ። አዲሱ ቴአትራቸው በተከፈተ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ሐዊ ገና ከመጋረጃው ስትወጣ ኦቦ ቶሎሳ ጎረቤታቸውን በክርናቸው ጎሸሙት። ሁሉም ነገር ልክ ነው። ግን ጣቢያ ያልነበረ አንድ ነገር መጣ። የከተማው ሰው አመል! አንዱ ስልክ ይጠራበትና ይነሣል። ሌላው ታክሲ እንዳያመልጠው ይነሣል። በልጅቷ ረጅም ንግግር መሀል ወንበር ይጮኻል፣ ጫማ ይንኳኳል፣ በር ሲጥ ይላል። እትዬ ከፀላ ከመጋረጃ ጀርባ ጥርሳቸውን ሲያፋጩ ይሰማኛል። እኔ ባለሙያው ስለ ተመልካች ባህል ግንዛቤ የማስጨበጫ ዕቅድ በሐሳቤ መንደፍ ጀመርኩ።

ኮማንደር ፈለቀ በሩ ጋ ቆመው ነበር። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ተነሥቶ ጎንበስ ጎንበስ እያለ መጣ። ኮማንደሩ ምንም ክፋት አላሰቡም፤ እንግዳ ተቀባይ ለመሆን፣ መጸዳጃውን ለመጠቆም ነው፤ በዚያ በወፍራም ድምፃቸው ጠየቁት።

"ወዴት ነው?"

ሰውዬው ቀና ብሎ አያቸው። እጁን ከኪሱ አወጣ። "የትም፣ ጌታዬ" አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ሊነሡ ያኮበኮቡትም ሁሉ አብረውት ተቀመጡ።